ሕግ የጣሱ ልጆችና የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች፦ የአእምሮ ጤና ዳሰሳ ከወላይታ

አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሶዶ መናኸሪያ ውስጥ ሞባይል ሰረቀ ተብሎ ቢያዝ በዚያው ምሽት ምን እንደሚጠየቅ መገመት አይከብድም። ስምህ ማን ነው? የማን ልጅ ነህ? ከየትኛው ቀበሌ መጣህ? ግብረ አበርህ ማን ነው? ስልኩን ለማን ሸጥከው? ይባላል። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? ከዚህ በፊት መሞትን ተመኝተህ ታውቃለህ ወይ? ብሎ መጠየቅ ግን የመርማሪው ሥራ ተደርጎ አይቆጠርም። ይህ ዳሰሳ ስለዚያ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው። ሕግ የጣሰ ልጅ አእምሮ ምን ተሸክሞ ጣቢያ ይገባል? እዚያስ ምን ይጨመርበታል? ራሱን የመጉዳት ስጋቱ የሚበረታው መቼ ነው? በወላይታ ዞን ደግሞ ይህን ስጋት ለመቀነስ በእጅ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ጥናቱ የበዛው በሀብታም አገሮች ስለሆነ ዳሰሳውም ከዚያ መነሳቱ ግድ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሲና ፋዜልና ባልደረቦቻቸው በማቆያና በማረሚያ ያሉ ታዳጊዎችን የመረመሩ 25 ጥናቶችን ሰብስበው፣ ከ16,000 በላይ ልጆችን ያካተተ ውጤት አወጡ። ከወንዶቹ ከአሥሩ አንዱ፣ ከሴቶቹ ደግሞ ከአሥሩ ሦስት የሚጠጉት ሕክምና የሚያሻው ድባቴ ነበረባቸው። ሰውን ከእውነታ የሚያለያየው ከባድ የአእምሮ ሕመም በውጭ ካሉት እኩዮቻቸው በአሥር እጥፍ ገደማ በዝቶ ተገኘ። በ2021 እ.ኤ.አ. ይኸው ሥራ ከ19 አገሮች በተሰበሰቡ 47 ጥናቶች ሲታደስ ቁጥሩ ብዙም ፈቀቅ አላለም። በእነዚያ አሥራ ሦስት ዓመታት ስለ ሕፃናት መብት ብዙ ተብሏል፤ በር የተዘጋባቸው ልጆች ሁኔታ ግን እንደነበረ ነው።

ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው የቺካጎው ጥናት ነው። ሊንዳ ቴፕሊን የሚመሩት የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ1995 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ወደ ታዳጊዎች ማቆያ የገቡ 1,829 ልጆችን አነጋግሯል። ከሦስቱ አንዱ በላይ ተስፋ መቁረጥ ተጭኖት ነበር። ከአሥሩ አንዱ ባለፉት ስድስት ወራት ራሱን ስለማጥፋት አስቧል፤ ከአሥሩ አንዱ የሚሆኑት ደግሞ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሞክረዋል። ከልጆቹ በከፊሉ ላይ በተደረገ ሌላ ምርመራ ከአሥሩ ዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ድብደባ፣ ተኩስ፣ የሰው መገደል ወይም ይህን የመሰለ አስደንጋጭ ነገር ደርሶባቸዋል አለዚያም በዓይናቸው አይተዋል። አንዲቱን ግኝት ግን አንባቢ ነጥሎ እንዲይዛት እፈልጋለሁ። በቅርቡ ራሳቸውን ስለማጥፋት ካሰቡት ልጆች መካከል ሐሳባቸውን ለሌላ ሰው የተናገሩት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ልጁ ካልተጠየቀ አይናገርም።

በእነዚህ ጥናቶች አንድ ስያሜ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከታሰሩት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «የጠባይ መታወክ» እንዳለባቸው ይመዘገባል። ይህ ስያሜ በአብዛኛው ልጁ የሠራውን ጥፋት በሐኪም ቋንቋ መልሶ ከመናገር አያልፍም። ሰርቋል፣ ተደባድቧል፣ ከቤት ጠፍቷል፤ ስለዚህ ጠባዩ ታውኳል እንደማለት ነው። አደጋው ደግሞ ስያሜው ድባቴውን መሸፈኑ ነው። የታዳጊ ድባቴ ሁልጊዜ በእንባና በዝምታ አይገለጥም። በንዴት፣ በስድብ፣ በድብድብ፣ ትእዛዝ ባለመቀበልም ይወጣል። «ልበ ደንዳና» የተባለው ልጅ ከሁሉም የበለጠ የታመመው ሊሆን ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ስለ ራስን ማጥፋት የተሠራው ቀደምትና ሰፊ ጥናት የቡታጅራው ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ቤት ለቤት አነጋግረው፣ 3.2 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደሚያውቁ አገኙ። ሙከራው ጎልቶ የታየው ከ15 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰው ራሱን እንደሚያጠፋ፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ይህ ሦስተኛው ዋና የሞት ምክንያት እንደሆነ ያስታውቃል። ከሟቾቹ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት ደግሞ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር በጣም የቆየ ስህተት ነው።

ማረሚያ ቤቶቻችንም ሳይጠኑ አልቀሩም። በሰሜን ምዕራብ አማራና በጅማ የተደረጉ ጥናቶች ከአሥር እስረኞች አራት የሚሆኑት የድባቴ ምልክት እንዳላቸው አሳይተዋል። ይህ በመጠይቅ የተለካ ምልክት እንጂ ሐኪም ተቀምጦ የመረመረው ሕመም እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ቁጥሩ ትልቅ ነው። የሚያሳዝነው አብዛኞቹ ጥናቶች 18 ዓመት የሞላውን ብቻ ማነጋገራቸው ነው። ምክንያታቸው ይገባኛል። ከ18 በታች የሆነን እስረኛ ለጥናት ለማነጋገር የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ወላጅ ደግሞ ሩቅ ነው፤ አንዳንዴም የለም። ውጤቱ ግን ልጆቹ በግቢው ውስጥ ቢኖሩም በሰንጠረዡ ላይ አለመታየታቸው ነው።

ወላይታ የራሷ መልክ አላት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ የተመዘገበባት፣ በአገሪቱ እጅግ ከተጨናነቁት የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት። እንሰት፣ ስኳር ድንችና ጎደሬ የሚተከልበት የቤተሰቡ ማሳ በብዙ ቤት ከግማሽ ሄክታር በታች ነው፤ ለአምስት ወንድማማቾች ሲካፈል ለማናቸውም የሚበቃ አይሆንም። ልጁ የሚሄድበትን መንገድ ገና በልጅነቱ ያውቀዋል። በደላላ፣ በዘመድ ወይም በራሱ ጊዜ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ሻሸመኔ፣ ከሁሉም በላይ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የመዲናዋ ነዋሪ ጫማውን የሚጠርግለትን ሊስትሮና ሎተሪ የሚያዞርለትን ልጅ «ከየት ነህ?» ብሎ ቢጠይቅ ሶዶ፣ ቦዲቲ፣ አረካ የሚል መልስ ደጋግሞ ይሰማል። የላከው ቤተሰብ ብር ይጠብቃል። ሳይሳካለት የተመለሰው ልጅ ታዲያ ሁልጊዜ ቤቱ አይገባም፤ ባዶ እጅ መግባት ያሳፍራል። ሶዶ ላይ ይቀራል። መናኸሪያው ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሻሸመኔ የሚወጡ መንገዶች የሚገናኙበት ስለሆነ ዕቃ መሸከም፣ ተሳፋሪ መጥራት፣ የወደቀ ማንሳት አይጠፋም። ብርዱን በማስቲሽ፣ ረሃቡን በጫት ያታልላል። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ጋ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም።

በዚህ ላይ የቅርብ ዓመታት ክስተቶች አሉ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ በተነሳው ግጭት የወላይታ ተወላጆች ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል፤ ቁጣው ሶዶም ደርሷል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች መታሰራቸውን ተከትሎ በሶዶና በቦዲቲ የጸጥታ ኃይሎች በከፈቱት ተኩስ ሰዎች ሞተዋል። ያኔ ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ በወንጀል ሊጠየቅ የሚችል ታዳጊ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመምህራን ደመወዝ በመዘግየቱ በዞኑ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁን በየቀኑ የሚያየው፣ ሲከፋው ከፊቱ የሚረዳው አንድ አዋቂ ይጎድላል። እነዚህ ሁሉ ወንጀል ይወልዳሉ ብዬ አልደመድምም፤ አብዛኛው የወላይታ ልጅ ይህንኑ ተሸክሞ ተምሯል፣ ሠርቷል፣ ቤተሰብ ረድቷል። ጣቢያ የገባው ልጅ ግን ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ይዞ እንደገባ መጠርጠር ደግነት ብቻ ሳይሆን ማስተዋልም ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ፤ ሕጉ ከምንገምተው በላይ አስቧልና። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለወጣት ጥፋተኞች ግርፋትን እንደ ቅጣት ይቀበል ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል። በአንቀጽ 52 ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። በአንቀጽ 53 ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው መደበኛ ቅጣት አይፈጸምበትም፣ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። ለእሱ የተዘጋጁት እርምጃዎች ከአንቀጽ 158 ጀምሮ የተዘረዘሩት ናቸው፦ ወደ ሕክምና ተቋም መላክ፣ በቅርብ ክትትል ሥር መማር፣ ወቀሳ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ መላክ። የመጀመሪያው እርምጃ ሕክምና መሆኑን ልብ ይሏል። የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የመጠጥና የዕፅ ሱስ ያለበት ልጅ ወደሚታከምበት እንዲላክ አንቀጽ 158 ዳኛውን ያዘዋል።

ዳኛው ግን ልጁ መታመሙን በምን ያውቃል? መልሱ አንቀጽ 54 ነው። ፍርድ ቤቱ ለልጁ የሚበጀውን ለመወሰን ስለ ጠባዩ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ኑሮው መረጃ ሊጠይቅ፣ ወላጆቹንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች ጠርቶ ሊያነጋግር፣ የሕክምናና የማኅበራዊ ጥናት ሰነዶች እንዲቀርቡ ሊያዝ፣ ልጁም በሕክምና ወይም በትምህርት ተቋም ቆይቶ እንዲታይና የአካልና የአእምሮ ሁኔታው በባለሙያ እንዲመረመር ሊያደርግ ይችላል። ይህን አንቀጽ ሳነበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሌላ አገር በዘመቻ የሚለመነው ነገር እኛ ዘንድ ተጽፎ ተቀምጧል። ጎደሎው «ይችላል» መባሉ ነው። የሚችል ዳኛ ላያደርገውም ይችላል፤ መዝገብ የተደራረበበት የወረዳ ዳኛ ደግሞ ባለሙያውን ከየት እንደሚያመጣ ካላወቀ አያደርገውም።

የሥነ ሥርዓቱም ሕግ እንዲሁ አስቧል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 172 የተያዘ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ጉዳዩ በቀጠሮ ካደረ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ፣ እነሱ ከሌሉም ለታመነ ሰው እንዲሰጥ ይላል። በጣቢያ ማሳደር የዚህ ሕግ ሐሳብ አልነበረም። ቤተሰቡ ሩቅ ገጠር የሆነ፣ ስልክ የሌለው፣ ከከተማ የጎዳና ልጆች ጋር የተያዘ ልጅ ግን «የታመነ ሰው» እስኪገኝለት ጣቢያ ያድራል።

ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ባለው ዕድሜ ሕጉ ራሱ ይላላል። በአንቀጽ 56 መሠረት ይህ ልጅ መደበኛ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል፤ ዳኛው ሊያቀልለት ይችላል፣ የሞት ፍርድ አይፈረድበትም፣ ከዚህ ውጭ ግን በአብዛኛው እንደ አዋቂ ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ግን ልጅ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 3ም በማረሚያ ተቋም የሚገኙ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲኖሩ ያዛል። የራስን መጉዳት ስጋት ጎልቶ የሚወጣው ደግሞ በእነዚሁ ዓመታት ነው። ሕጉ ጥበቃውን የሚያነሳበትና ስጋቱ የሚያሻቅብበት ዕድሜ አንድ ሆነዋል።

በዚህ ላይ ዕድሜው ራሱ ያከራክራል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ዛሬ በታዳጊነት ዕድሜ ያለው የገጠር ልጅ በብዛት የልደት ወረቀት የለውም። ልጁ አሥራ አራት ነኝ ይላል፤ ፖሊስ አሥራ ሰባት ብሎ ይጽፋል፤ እናት «ጊፋታ (የወላይታ ዘመን መለወጫ) ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው የወለድኩት» ትላለች እንጂ ዓመቱን አታውቀውም። ዳኛው ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። እዚያ ጥርሱ ይታያል፣ የእጅ አንጓው ራጅ ይነሳል፣ የአጥንቱ ጫፍ መግጠም አለመግጠሙ ይታይና ዕድሜው «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ ይገመታል። በምግብ እጥረት ያደገ ልጅ አጥንት ወደ ኋላ ሊቀር እንደሚችል፣ ግምቱም በአንድና በሁለት ዓመት ሊዛነፍ እንደሚችል ባለሙያዎቹ ያውቃሉ። ያች ሁለት ዓመት ግን ልጁን ከቤቱ ወይም ከማረሚያ ቤት ታደርሰዋለች። ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። ልጁ ሆስፒታል ደርሷል፣ ሐኪም ፊት ቆሟል፣ ራጅ ተነስቷል፤ ስለ አጥንቱ የጠየቀው ሐኪም ስለ እንቅልፉ ቢጠይቀው የሚጨምረው አሥር ደቂቃ ነበር። የዕድሜ ምርመራው የአእምሮ ምርመራም እንዲሆን የሚያስፈልገው አንድ ቅጽ ብቻ ነው።

ጠባይ ማረሚያ የሚባለውስ የት አለ? ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ሆኖ የኖረው አዲስ አበባ ልደታ የሚገኘው ነው። ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሶዶ ዳኛ «ወደ ጠባይ ማረሚያ ይላክ» ቢል ልጁን ከቤተሰቡ፣ ከቋንቋውና ስንቅ ከሚያመላልስለት ሰው መነጠሉ ነው። ሌላው አማራጭ በወቀሳ ወደ ቤት መመለስ ነው፤ ቤት ያለው እንደሆነ። የመጨረሻው ለአዋቂዎች በተሠራው ማረሚያ ቤት ውስጥ «ለብቻ ክፍል» ማግኘት ነው። ሌሊት የተለየ መኝታ ቢኖርም ቀን ግቢው አንድ ነው፤ ምግቡም፣ መጸዳጃውም፣ የእስረኞቹ አለቃ ካቦውም አንድ ነው።

ስለ ሴቶቹ ልጆች የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ይረሳሉ። የፋዜል ጥናት ድባቴው በሴቶቹ ላይ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። በሠራተኝነት ገብታ የአሠሪዎቿን ወርቅ ወሰደች የተባለች፣ ያልፈለገችውን እርግዝና ለብቻዋ ተሸክማ በአራስነቷ የተከሰሰች ልጅ የምትገባው ከአዋቂ ሴቶች ጋር ነው። ከተከሰሰችበት ጉዳይ በፊት የደረሰባትን ብትጠየቅ ብዙ ጊዜ ተበዳይ ሆና የምትገኝ እሷ ናት። ጠያቂም አይበዛላትም፤ ለታሰረ ወንድ ልጅ ስንቅ የሚቋጥር ቤተሰብ ለታሰረች ሴት ልጅ ፊቱን ያዞራል።

የጊዜው ጉዳይ የዳሰሳው እምብርት ነው። ስለ እስረኞች ራስን ማጥፋት በየአገሩ ከተጻፈው ብዙው አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ ይናገራል። ልጁ ገና ደንግጧል፣ የለመደው ሱስ በድንገት ተቋርጦበታል፣ ቤተሰቡ ሰምቶ ይሁን አይሁን አያውቅም፣ ውርደቱ ትኩስ ነው። ከዚያ በኋላ ስጋቱ የሚያገረሽባቸው ቀኖች አሉ፦ ፍርድ የተሰጠበት ቀን፣ መጥፎ ወሬ የደረሰበት ቀን፣ ጠያቂ ይመጣል ብሎ ጠብቆ ሳይመጣ የቀረበት ቀን፣ ከእስር የተፈታበት ሳምንት። ለብቻ መዘጋት ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በአሜሪካ ሊንዚ ሄይስ ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. በታዳጊዎች ማቆያ የደረሱ 79 የራስን ማጥፋት ሞቶች መርምረው፣ ግማሾቹ ልጆች በሞቱበት ጊዜ በቅጣት ክፍላቸው ውስጥ ለብቻቸው ተዘግተው እንደነበር አገኙ። በ1990 እ.ኤ.አ. የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት ደንቦች ልጅን ጨለማ ቤት ማስገባትንና ለብቻ መዝጋትን የከለከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። «ራሱን እንዳይጎዳ ለብቻው አድርገነዋል» የሚለው አሠራር በቅን ልቦና ቢደረግም ልጁን ወደ አደጋው ያስጠጋዋል። የተጨነቀ ልጅ ከሰው ጋር ነው ማደር ያለበት። ስለ ሞት መንገዶች እዚህ አንዳች አልጽፍም፤ ዝርዝሩ ለተጨነቀ አንባቢ ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች ደጋግሞ አስገንዝቧል።

ከሁሉም የሚልቀው መከላከያ ግን አለማሰር ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ 3,000 የሚጠጉ ከ18 በታች ልጆች ታስረው ነበር፤ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከ500 በታች ወርዷል። በእኛም አገር መንገዱ ተሞክሯል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች ተቋቁመው፣ ቀላል ጥፋት የሠሩ ልጆች በሰፈራቸው ሆነው እንዲታረሙ ተደርጓል፤ ለሕፃናት ምቹ ችሎቶችም ወደ ክልሎች ወርደዋል። ሽማግሌ የመቀመጥና የመታረቅ ልማድ በጠነከረበት በወላይታ ይህ ለመትከል የሚከብድ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል። በእርቅ ላይ የሚደራደሩት አባቶች ናቸው፤ ካሳው ይቆረጣል፣ ጉዳዩ ይዘጋል፣ ልጁ ግን ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይቆያል። አባት ለከፈለለት ካሳ ባለዕዳ ሆኖ፣ በየቀኑ እየተወቀሰ የሚኖር ልጅ ከእስር ቢያመልጥም ከውርደቱ አላመለጠም።

አሁን በእጅ ያለውን እንቁጠር። ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና ብዙዎች ዛሬም ኦቶና እያሉ የሚጠሩት ሆስፒታሉ አሉ፤ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም አለ። በሽተኛን አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ድረስ ይዞ መጓዝ ብቸኛው አማራጭ የነበረበት ዘመን አልፏል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ምን እንደሚቻል ደግሞ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ታይቷል። ከወላይታዋ ሶዶ ጋር በስም ብቻ የሚመሳሰለው ይህ ወረዳ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአምስት አገሮች የተካሄደው ፕራይም የተባለ ፕሮግራም የኢትዮጵያ ጣቢያ ነበር። አጭር ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ከባድ የአእምሮ ሕመምን፣ የሚጥል በሽታንና ድባቴን በጤና ጣቢያ ማከም እንደሚችሉ፣ የድባቴ ታማሚዎችን ለይቶ ማውጣት ግን ከሁሉም እንደሚከብድ ያ ሥራ አሳይቷል። የድባቴው ነገር ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። ድባቴ ራሱ መጥቶ አይመዘገብም፤ ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

መፈለጊያው ውድ አይደለም። በአሜሪካ የታዳጊዎች ማቆያዎች በስፋት የሚሠራበት ማይሲ የተባለው መጠይቅ 52 የ«አዎ» ወይም «አይ» ጥያቄዎች ብቻ ነው ያሉት፤ ለመጠየቅም ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ለእኛ ጣቢያ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ልጁ በሚችለው ቋንቋ፣ በወላይትኛም ይሁን በአማርኛ፣ ከጣቢያው በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ የተጠራች ነርስ በመጀመሪያው ቀን አምስትና ስድስት ጥያቄ ትጠይቀው። እንቅልፍህ እንዴት ነው? ምግብ ይበላልሃል? መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለመጉዳት ሞክረህ ታውቃለህ? አሁን ይህ ሐሳብ አለህ? ማን እንዲመጣልህ ትፈልጋለህ? መጠየቁ ሐሳቡን ይዘራበታል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀልላቸዋል። «አዎ» ያለ ልጅ ብቻውን አያድርም፣ በማግስቱ ሐኪም ያየዋል፣ የሐኪሙ ወረቀት ከክሱ መዝገብ ጋር ተያይዞ ዳኛው ፊት ይቀርባል። ራስን ለማጥፋት መሞከር በሕጋችን ወንጀል አለመሆኑንም ፖሊሱ፣ ነርሷና ልጁ ሊያውቁት ይገባል፤ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን የገፋፋውንና የረዳውን ነው።

ስለ ሃይማኖቱ ጥቂት ልበል። በወላይታ አብዛኛው ሰው ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው፤ ኦርቶዶክሱም ጥቂት አይደለም። የታሰረን መጠየቅ በሁለቱም ዘንድ የእምነት ግዴታ ስለሆነ ከመንግሥት ባለሙያ በፊት እስረኛው ዘንድ የሚደርሰው አገልጋዩ ወይም ካህኑ ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ልጁ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያምነው እሱን ነውና። ነገር ግን ራስን ስለማጥፋት ማሰብን ኃጢአት ወይም ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ብቻ ማለፍ ልጁን ዝም ያሰኘዋል። ጸሎቱ ይቀጥል፤ ከጸሎቱ ቀጥሎ «ነርሷ ትይህ» የሚል ቃል ይጨመር።

የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንቀጽ 54 «ይችላል» የተባለውን ምርመራ፣ 18 ዓመት ያልሞላው ተከሳሽ በቀረበ ቁጥር የሚፈጸም መደበኛ አሠራር እንዲያደርገው፣ ጤና ቢሮውም ለእያንዳንዱ ፖሊስ ጣቢያ ተጠሪ ጤና ጣቢያ እንዲመድብ ጥሪዬን አቀርባለሁ። አዲስ ሕንፃም አዲስ ሕግም አይጠይቅም። እስከዚያው ግን ልጃችሁ፣ የወንድማችሁ ልጅ፣ ተማሪያችሁ ጣቢያ ወይም ማረሚያ ቤት ካለ ስንቁን አቀብላችሁ አትመለሱ፤ ዓይኑን እያያችሁ ጠይቁት። መልሱ ካስደነገጣችሁ የዕለቱን ተረኛ ኃላፊ «ሐኪም ይጠራለት» በሉት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ማንኛውም የታሰረ ሰው ከዘመዶቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪውና ከሐኪሙ ጋር የመገናኘትና በእነሱም የመጎብኘት መብት አለው።